ሰርቪሷ ስታልፍ

ያለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ገና እንደገባ ነው። ከሥራ ወጥቼ በመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ከጎንደር መሀል ወደ አዘዞ እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። የመኪናዋ መስታወት በትንፋሻችን ደብዝዟል። እኔ እንደ ልማዴ መስኮቱ ጥግ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከፊቴም ባዶ አለ። ከኋላማ አምስት ስድስት ወንበር ሰው አልነበረበትም፤ በክረምት ብዙ ሰው የዓመት ፈቃድ ስለሚወስድ ሰርቪሷ ትሳሳለች።

ከቅዳሜ ገበያ ወጣ እንዳልን መኪናዋ ፍጥነቷን ስትቀንስ መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ምን ልይ ብዬ አይደለም፤ እንዲሁ እጄ ነው የሄደው። መንገዱ ዳር እትዬ ቆመዋል።

እትዬ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። ሰፈር ውስጥም በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቁም ትንሹም እትዬ ነው የሚላቸው። ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ልጅ ሆኜ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ከእናቴ ጋር እየተፈራረቁ ሦስት ሌሊት አጠገቤ ያደሩ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሲገኝ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ይዘው ጠዋት ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፣ ማታ ይወርዳሉ። ስሙ ቅዳሜ ይባል እንጂ ገበያው ቀን አይመርጥም፤ እሳቸውም አይመርጡም።

ያን ቀን ማዳበሪያ ደፍተው ነበር። አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው ገፍተው እንደ ቆብ የሚሠሩት ዓይነት፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ከጫፉ ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ዘንቢላቸውን መሬት አላስነኩትም፤ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በጉልበታቸው ደግፈውታል። አንድ እጃቸው ማዳበሪያውን አገጫቸው ሥር ጨብጦ ይዟል። ሌላው ወደ መንገዱ ተዘርግቷል፣ ለሚመጣው መኪና ሁሉ። ለእኛም ተዘርግቶ ነበር። መኪናዋ የእኛ መሆኗን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ እጅ ሲሰበሰብ ማየቴ ነው ያልለቀቀኝ።

ሹፌሩን "ወንድሜ፣ አንዴ ቁምልኝ" ማለት እችል ነበር። ደንቡ የውጭ ሰው መጫን ይከለክላል፣ አውቃለሁ። ቢበዛ "አይሆንም" ይለኝ ነበር። እኔ ግን አልጠየቅኩም። ስልኬን አወጣሁና እሱ ላይ አቀረቀርኩ። መኪናዋ አለፈች። ከዚያ እስከ አዘዞ ድረስ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ላለማየት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

የጠገበ፣ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላሉ። እኔ ግን እንዳለ አውቄያለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚያውም ያስታመመችኝን ሰው።

"አየሁህ እኮ"

ከዚያ በኋላ ሸሸኋቸው። በደጃቸው ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ። ጾመ ፍልሰታም ስለነበር ብዙ አልተገናኘንም። ነሐሴ 16፣ ጾሙ በተፈታ ቀን፣ እናቴ ዘንድ መጡ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እናቴ ዕጣን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባ ስትል ጊዜ አገኘሁ።

"እትዬ፣ ያን ለት ዝናብ ሲመታዎት በሰርቪስ ሳልፍ አይቼዎት ነበር" አልኳቸው።

"አየሁህ እኮ" አሉኝ።

ሲኒውን አስቀመጥኩት። ወቀሳው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ የሚገባኝም ነበር።

"አንተን ባላይም መኪናይቱን አያታለሁ። እሷን አይደል የምጠብቅ።"

"ሰርቪሷን? እሷ እኮ አትጭንዎትም፣ እትዬ።"

"ልትጭነኝ ብዬ ነው እንዴ!" ሳቁ። "ሰዓቴ ናት እንጂ። በበጋ ጥላ አለ፤ የዚያ የሱቁ ጥላ አስፋልቱን ተሻግሮ ቦዩ ጫፍ ሲደርስ ጊዜው ነው እላለሁ። በክረምት ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ። ሰው ብጠይቅ ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል። የናንተ መኪና ግን ዘግይታ አታውቅም። እሷ እስክታልፍ እዚያው ቆሜ እጄን እዘረጋለሁ፤ አንድ ባዶ ቦታ ያለው ታክሲ አይጠፋም። እሷ ካለፈች ግን ቢሮው ሁሉ ተለቀቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ታክሲው ከላይ ሞልቶ ነው የሚመጣ። እዚያ ብቆም እንደቆምኩ ነው የሚመሽ። ስለዚህ ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ፒያሳ እወጣና ከመነሻው እሳፈራለሁ።"

ቡናቸውን አንድ ጊዜ ፉት አሉና ጨመሩ።

"እግዜር ይስጣችሁ። እሷ ባትኖር ስንቴ በመሸብኝ።"

ወቀሳ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር። ምርቃት ሲሆን ግን ምን ይመለሳል? "አሜን" አልኩ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እናቴ ዕጣኑን ይዛ ተመለሰች፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ለምን ነበር የተመረቅነው? ስላለፍናቸው ነው። በሰዓቱ ስላለፍናቸው።

ጎንደር እኮ ለሰዓት አዲስ አይደለችም። የ44 ታቦት ከተማ ናት፤ ደወሉ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። ድሮ ካህናቱ የጥላቸውን ርዝመት በእግራቸው እየሰፈሩ የጾሙን መፍቻና የቅዳሴውን መግቢያ ይለዩ ነበር። እትዬ የሱቁን ጥላ ከቦዩ ጫፍ ጋር ሲያመሳክሩ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ጥላው ሲጠፋባቸው ደግሞ አንድ የማትጭናቸውን መኪና ሰዓት አድርገው ያዙ። እኔ በዚያች መኪና ስንት ዓመት ስመላለስ 11፡30 ትነሳለች ማለት ትልቅ ነገር መሆኑን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ከመነሻው የሚሞላ

ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ሰርቪሷን ትቼ በታክሲ መመላለስ ያዝኩ። ለጥናት ምናምን አይደለም። እትዬ የነገሩኝን ነገር እኔም ቆሜ ላየው ፈልጌ ነው።

መልክዓ ምድሩን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አሮጌው ከተማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መሀል ሸንተረሩ ላይ ተቀምጧል፤ ግንቡም፣ ጣሊያን በ5 ዓመት ቆይታው የሠራት ፒያሳም እዚያው ናቸው። ከላይ ጠባብ ስለሆነ ከተማው ወደ ታች ወደ ደቡብ ተዘረጋ። አዘዞ ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ የፋሲል ግንብ ገና ሳይታሰብ አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት ናት። አሁን የጎንደር አንዱ ጫፍ ሆናለች። ከእሷም አልፎ ጠዳ አለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከተማው 207,044 ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ ግን ጠዋት 1፡30 ላይ አዘዞ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ቁጥር እስኪነገረው አይጠብቅም። ከመሀል ከተማ በቤት ኪራይ የተገፋው ሁሉ ወደ እኛ ነው የመጣው።

ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ደግሞም ይኼ ሁሉ ሰው የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ጠዋት ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች። እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ክር ላይ ተሰክቷል። ለአውቶቡስ ከዚህ የተሻለ ከተማ ከየት ይመጣል? ሌላው ከተማ መስመሩን ለማውጣት ስንት ሰው ሲጨነቅ ይውላል፤ እኛ ዘንድ ተራራው ራሱ መስመሩን አውጥቶልናል።

ያም ሆኖ ታክሲው የሚነሳው ሲሞላ ነው። ይኼን ሁላችንም ስለለመድነው ችግር መሆኑ አይታየንም። እስኪ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ሚኒባሱ 12 ሰው ይጭናል። በየደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ ቀድሞ የገባው 11 ደቂቃ ይቀመጣል፣ መጨረሻ የመጣው ወዲያው ይሄዳል። ማለዳ የተነሳው ይቀጣል ማለት ነው። በሰልፍ ሰዓት ይኼ አይታወቅም፤ ወዲያው ይሞላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ቁጭ ብላችሁ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሲጮህ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። አንዱ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ቢገባም የሚቀረው አንድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የእትዬ ነገር ነው፣ እኔ ፈጽሞ አስቤው የማላውቀው። ታክሲው ከመነሻው ሞልቶ ከተነሳ መሀል መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ቦታ የለውም። ፒያሳ የቆመ ይሳፈራል፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የቆመ ግን ያየዋል እንጂ አይሳፈርበትም። ስለዚህ ወደ ታች የሚሄደው ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል። በእግሩ ካልቻለ ባጃጅ ይይዛል። ሁለት ሂሳብ ከፈለ ማለት ነው። እንደ እትዬ ዘንቢል ያለው ደግሞ ለዘንቢሉም ይጠየቃል። ማታ ፒያሳ ታክሲ ተራ የምናየው ያ ሁሉ ግፊያ ሁሉም የፒያሳ ሰው እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ከታች ወደ ላይ የወጣ ነው፣ ተመልሶ ወደ ታች ለመውረድ። እኔ በዓይኔ ቆሜ እስካየው ድረስ ይኼ አልገባኝም ነበር፤ ሰርቪስ ላይ ሆኖ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

ባዶውን ወንበር ማን ይክፈል

አንድ ማታ ጋቢና ገብቼ ከሹፌሩ ጋር ወሬ ጀመርን። ወጣት ነው፣ የአዘዞ ልጅ። ለምን ሦስት ሰው ጎድሎ አትነሳም አልኩት። መንገድ ላይ ስንት ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።

"ወንድምዬ፣ ሦስት ወንበር ጎድሎ ብነሳ የሦስቱን ሰው ሂሳብ ከኪሴ ከፈልኩ ማለት ነው" አለኝ። "መንገድ ላይ አገኛለሁ ብዬ ብወጣ ከኋላዬ ያለው ሞልቶ ይቀድመኛል። ማታ ለባለንብረቱ የማስረክባት ገንዘብ አለች፤ እሷ አትጎድልም። ለነዳጅ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰልፌ ነው የቀዳሁት። እኔ ልክሰር?"

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት በየወሩ በሹፌርና በረዳት ስናደድ ነበር፣ አሁንም አንዳንዱ ነገራቸው ያናድደኛል፣ ከመሸ በኋላ ታሪፍ የሚጨምሩት ለምሳሌ፤ ግን በዚህ በመሙላቱ ጉዳይ ልጁ ላይ የምፈርድበት ምክንያት አጣሁ።

ከመኪናው ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ ነው ነገሩ የተገጣጠመልኝ። የእኛ ሰርቪስ በነሐሴ ያን ሁሉ ወንበር ባዶ አድርጋ 11፡30 ላይ የተነሳችው ሹፌሯ ከሚኒባሱ ልጅ የተሻለ ሰው ስለሆነ አይደለም። ባዶውን ወንበር የሚከፍልላት ስላለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ነዳጁን ይሞላል፣ ደመወዙን ይከፍላል፤ ሞላች አልሞላች ለእሷ ጉዳይዋ አይደለም። ሰዓት መጠበቅ የምትችለው ለዚያ ነው። ሚኒባሱ ባዶ ወንበሩን ራሱ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ሰዓት ሊኖረው አይችልም። ሰዓት ማለት ባዶ ወንበር ይዞ መነሳት መቻል ነው። እትዬን ዝናብ ላይ ያቆማቸው ይኼ ነው እንጂ የመኪና እጥረት ብቻ አይደለም። አጠገቤ ያለው ወንበር ተከፍሎበታል። ለእሳቸው ግን አይደለም የተከፈለበት።

መንግሥት ለትራንስፖርት ገንዘብ አያወጣም አልልም። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ የታለመ የተባለው ድጎማ ቀጥሎላቸው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ተሳፋሪው ላይ ዋጋ እንዳይቆለል ነው። ግን የተደጎመው ሊትር ነው። መኪናው ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መሀል መንገድ የቆመውን ሰው ያንሳ ይተወው፣ ድጎማው አይጠይቅም ነበር። ከዚያ ገንዘብ ትንሿን ቆርሶ "አንተ በየሃያ ደቂቃው ትነሳለህ፣ የጎደለውን ወንበር እኛ እንሸፍንልሃለን" የሚል ውል ቢኖር ያ የአዘዞ ልጅ ዓይኑን አያሽም ነበር። ጠይቄዋለሁ። "በዚያማ እንደ ሰው እሠራለሁ" ነው ያለኝ።

ስለ ባቡሩ

የትራንስፖርት ነገር ሲነሳ ጎንደር ውስጥ ባቡር የሚያነሳ አይጠፋም። አይፈረድም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ከወረታ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ መስመር ነበረ። የሰፈራችንን ስም ካርታ ላይ አይተን የተደሰትንበት ጊዜ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ቢሠራም ደግሞ የጠረፍ ዕቃ የሚያመላልስ ነው የሚሆነው እንጂ ከአዘዞ ፒያሳ ሽንኩርት ይዞ የሚወጣ ሰው የሚጠቀምበት አይደለም፤ ሸንተረሩንም አይወጣውም።

የአዲስ አበባውን ቀላል ባቡር ተሳፍሬበታለሁ። ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ላይ ነው፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ዋጋው ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከአያት ተነስቼ ጦር ኃይሎች ድረስ ቆሜ ሄድኩ፣ ሰው እንደ በርበሬ ተጠቅጥቆ። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ቆመው ነበር። መሀል ጣቢያ ላይ ነው የገቡት። መሀል ላይ! ማንም ለመሙላት አልጠበቀም፣ ማንም "ለዘንቢሉ" አላላቸውም። ያኔ በደንብ አላስተዋልኩትም፤ አሁን እትዬ ከነገሩኝ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መለዋወጫው ከውጭ ነው፣ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ድልድዩ አለ፣ ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያውም ቆሟል። የሳሳው ባቡሩ እየተከታተለ መምጣቱ ነው። ሰው የሚሳፈረው ደግሞ ድልድዩ ላይ አይደለም፤ ቀጥሎ በሚመጣው ባቡር ላይ ነው። ይኼን ሳስብ ለጎንደር ባቡር አልመኝም። እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ የበለጠ የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች የተመደቡት አውቶቡሶች። ጠዋትና ማታ ሠራተኛውን ያመላልሳሉ፣ በመካከሉ ባለው ሰዓት ደግሞ ከተማ ውስጥ ሕዝቡን በሂሳብ ይጭናሉ። መኪናው አንድ፣ ሹፌሩ አንድ፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ጊዜ ብቻ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚመለከተውን ክፍል ሄጄ አናገርኩ። የእኛ ሰርቪስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ግቢ ውስጥ ጃካራንዳ ሥር ቆማ ነው የምትውለው። በዚያው መንገድ የሚወርዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቪሶችም አሉ፤ ሦስቱ አራቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየተከታተሉ ያልፋሉ፣ ሁሉም ባዶ ወንበር ይዘው። ኃላፊው በትዕግሥት ሰሙኝ። ኢንሹራንሱ የውጭ ሰው አይሸፍንም አሉኝ። አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ነዳጁ በኮታ ነው። ዛሬ ባዶ ያለው ወንበር ነገ ይሞላል፣ ያኔ የለመደውን ሰው ምን ትለዋለህ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከበደችኝ። አስጀምሮ መተው ካለመጀመር ይብሳል፤ እትዬ ዛሬ ሰርቪሷን የሚያምኗት አንድም ቀን ስላላታለለቻቸው ነው።

ስለዚህ ባዶ ወንበር በምጽዋት መልክ እንዲሰጥ አይደለም የምጠይቀው። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ያለው ጊዜ በስምሪት ይገባ፣ ከተማ አስተዳደሩ ውል ይዋዋል፣ ተሳፋሪው ታሪፉን ይክፈል፣ ኢንሹራንሱ በዚያው ይታሰብ። ሁለት አውቶቡስ ይበቃል ለመነሻ። አንዱ ከአዘዞ፣ አንዱ ከፒያሳ፣ በሰዓቱ፣ ሞላ አልሞላ። ሰዓቱ በትልቁ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በየፌርማታው ይሰቀል፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት መኪናው ራሱ ያስተምረዋል። ኮሪደር ልማቱ ለእግረኛው መንገድ ሰጥቶናል፣ መብራት ሰጥቶናል፣ ፒያሳ ማታ ማታ ታምራለች። ከፒያሳ የሚወስደንም እንፈልጋለን።

"በጽሑፍ አቅርበው" አሉኝ ኃላፊው። አቅርቤዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው፣ የባዶ ወንበሮቹን ብዛት የአንድ ወር በየቀኑ ቆጥሬ አያይዣለሁ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ባለፈው ሐሙስ

አሁን በጋ ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ትንሽ ቀደም ብዬ ወጥቼ እትዬን ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አገኘኋቸው። ሽንኩርቱ አላለቀላቸውም፣ ዘንቢሉ ገና ግማሽ ነው። አጠገባቸው ቆምኩ። የሱቁ ጥላ አስፋልቱን ተሻግሮ ቦዩ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። እውነትም ጥላው ከእግራችን ፊት ለፊት ሲሄድ ይታያል፤ ዝም ብሎ ላየው ሰው አይታይም፣ እሳቸው ግን አንዲት ጠጠር አሳዩኝና "እሷን ሲሸፍን ተመልከት" አሉኝ። ሁለት ታክሲ አለፈ፣ ሁለቱም ሙሉ። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ሰበሰቡ።

ጥላው ጠጠሯን ሸፈነ። ሰርቪሷ መጣች።

ባልደረቦቼ መስኮቱ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። አንዷ አይታኝ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ምን ሆነህ ነው ዓይነት። እኔም አወዛወዝኩላት። በተለመደው ቦታዬ ማንም አልተቀመጠበትም።

"ይኸው፣ አለፈች" አሉ እትዬ። "እንውጣ።"

የዘንቢሉን አንዱን ጆሮ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሳቸው አለቅም አሉ። ቤታችን ያለው ወደ ታች ነው። እኛ ወደ ፒያሳ አቀበቱን ተያያዝነው፤ ዘንቢሉ በመካከላችን እየተወዛወዘ፣ እትዬ በየሃያ እርምጃው አረፍ እያሉ፣ ሙሉ ታክሲዎቹ በአጠገባችን ወደ አዘዞ ሲወርዱ።